ራስ ምታትና አንገትን ማሳሸት

እዚህ ድሬዳዋ ራስዎን ሲያምዎ አንገትዎን ለወጌሻ ከመስጠትዎ በፊት የዳንኤል ዴቪድ ፓልመርን ታሪክ ይስሙ። እ.ኤ.አ. በ1845 ካናዳ ተወለደ። በ1895 አሜሪካ ውስጥ አከርካሪን በእጅ በማቃናት የሚያክመውን ካይሮፕራክቲክ ጀመረ፤ ከመቶ 95 እጅ በሽታ የሚመጣው ከአከርካሪ መዛነፍ ነው ብሎም አስተማረ። ያለ ፈቃድ በማከሙ በ1906 ታሰረ። በ1913 ለሞት ያበቃው ግን ታይፎይድ ነበር።

ከአንገት የሚነሳ ራስ ምታት በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ሊቀል ይችላል። የወባና የማጅራት ገትር ራስ ምታት ግን በመታሸት አይድንም። አንገትን በኃይል ማዞርም ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ሥር ሊጎዳ፣ ስትሮክም ሊያስከትል ይችላል። ትኩሳት፣ የአንገት መገተር ወይም ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ካለዎ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።