የኳሱ አባት ይድነቃቸው ተሰማ

ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ በግጥማቸውና በዜማቸው ስመ ጥር የሆኑ ሰው ናቸው። ልጃቸው ግን የአባታቸውን ዜማ ትተው ኳስ ያዙ። በእኛም ግቢ ኳስ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚሉ ጓደኞች ስላሉ፣ የእኒህን ሰው ታሪክ እንዲያነቡልን እንለምናለን።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በ1928 ዓ.ም. ሲቋቋም ይድነቃቸው ገና ልጅ ነበሩ። ወዲያው የኢጣልያ ወረራ መጣ። ፋሺስቶች ሰውን በቀለሙ ሲለዩ የኳሱን ሜዳ እንኳ አልተዉትም፤ አበሻ ከአበሻ፣ ነጭ ከነጭ እንዲጫወት አደረጉ። ይድነቃቸው በልጅነታቸው ያዩት ይህ ነው፤ በኋላ የሠሩት ሥራም ብዙው ከዚህ የመነጨ ይመስለናል።

ከነፃነት በኋላ የአገራችንን የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ካቋቋሙት አንዱ ሆኑ፤ ለቡድናቸውም ለአገራቸውም ተጫወቱ። ጫማቸውን ከሰቀሉ በኋላ ወጣቶችን ማሠልጠን ያዙ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ሆነ። ተጋጣሚያችን ግብፅ ቀደም ብለው የተደረጉትን ሁለቱንም ዋንጫዎች የወሰደች ናት። ልጆቻችን ሁለት ጊዜ ተመርተው ሁለት ጊዜ አቻ ወጡ፤ በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው 4 ለ 2 አሸነፉ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው፤ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ኢጣልያዊ። በፋሺስት ዘመን በቀለም በተከፈለ ሜዳ ያደጉት አሠልጣኝ፣ ቡድናቸውን የመራው የኢጣልያዊ ልጅ ነበር። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ሌላ የአፍሪካ ዋንጫ አላገኘችም።

ከአገር ውጭም አባትነታቸው ሰፋ። በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ብትል፣ ከከለከሏት አንዱ እርሳቸው ነበሩ። አፍሪካ ለብቻዋ አንድ ቦታ እንኳ ስለ ተነፈገች የ1958ቱን የዓለም ዋንጫ በአድማ ስትተው፣ እርሳቸው ከአድማው ጋር ቆሙ፤ ለሚቀጥለው ዋንጫ ቦታው ተሰጠ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ከእርሳቸው ጋር የማንስማማበት ነገር አለ። የአፍሪካ ልጆች ወደ አውሮፓ እየተጋዙ የገዛ ሕዝባቸው ሳያያቸው መቅረቱ ስላንገበገባቸው፣ አንድ አገር በአፍሪካ ዋንጫ ከሁለት በላይ ውጭ የሚጫወቱ እንዳታሰልፍ የሚለውን ደንብ ደገፉ። ፍርሃታቸው የአባት ፍርሃት ነው፤ ነገር ግን ደሀ ልጅ በእግሩ እንጀራ ሊበላ ሲሄድ አገሩን ከደ ማለት ይከብዳል። ደንቡም ቀርቷል። የሲጋራና የመጠጥ ነጋዴዎች በወጣቶች ሜዳ ስማቸውን እንዳይለጥፉ መቃወማቸውን ግን ሙሉ በሙሉ እንደግፋለን።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ አረፉ። ከልጆቻቸው አንዱ የአባቱን ታሪክ በመጽሐፍ ጽፎልናል። ደቡብ አፍሪካ ወደ ኳሱ ማኅበር ስትመለስ አላዩም። በ1988 ዓ.ም. ጥቁርና ነጭ አሰልፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ፣ ዋንጫውን የተቀበለው አምበል ነጭ ነበረ።