አውሳ ላይ የተገደለው ሰው ነፃ ያወጣው ልጅ

ዛሬ ከዕለት ዜናው ወጣ ብለን አንድ ታሪክ እናውጋችሁ።

ከእኛ ከአዋሽ አርባ ተነስቶ በሰመራ በኩል አይሳኢታ የደረሰ ሰው የጥንቱን የአውሳ ሱልጣኔት ምድር ረግጧል ማለት ነው። እዚያ ምድር ላይ በ1875 ቬርነር ሙንዚንገር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ተገድሏል። (ዓመቶቹን የምንጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ሰውየው ለግብፅ መንግሥት ያደረ ሹም ነበር። ጦር አስከትሎ ከታጁራ ተነሳ፤ ሐሳቡ በአውሳ አልፎ ሸዋ፣ ምኒልክ ዘንድ መድረስ ነበር። አልደረሰም። የሱልጣን መሐመድ ሃንፈሬ አፋሮች ጦሩን ደመሰሱት፣ እሱም እዚያው ቀረ።

ይህን ብዙዎቻችሁ ታውቁት ይሆናል። የዛሬው ወሬያችን ግን ስለ ሙንዚንገር አይደለም። ሙንዚንገር አውሳ ላይ ከመሞቱ 5 ዓመት ገደማ በፊት ምፅዋ ላይ ነፃ ስላወጣው አንድ ልጅ ነው።

ልጁ ሂካ ይባል ነበር። በ1856 ገደማ ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አካባቢ ተወለደ። በ4 ዓመቱ አባቱ ሞተበት። በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች ሰረቁት። ከዚያ ወዲያ ከገበያ ገበያ እየተሸጠ ከጌታ ወደ ጌታ ዞረ፤ እሱ ራሱ ኋላ እንደጻፈው 8 ሰዎች እየተቀባበሉ ገዝተውታል። እስቲ አስቡት፣ ገና ጢም እንኳ ያላወጣ ልጅ 8 ጊዜ ዋጋ ወጥቶለታል! ምፅዋ ሲደርስ ነው ሙንዚንገር ነፃ አውጥቶ እዚያው ለነበሩ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን መምህራን የሰጠው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ልጁ ለነፃነቱ የከፈለው አንዳች ነገር የለም። አልታገለም፣ አላመለጠም፣ ገንዘብ አልነበረውም። ነፃ ያወጣውም ሰው ቢሆን ጻድቅ አልነበረም፤ አገር ለመያዝ ጦር ይዞ የሚዞር ሹም ነው። ብቻ ነፃነቱ መጣ፣ ልጁም ተቀበለ።

የሚሲዮኑ መምህራን የሚያስተምሩት ትምህርት ደግሞ ከዚህ ጋር ቁርጥ አንድ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜና ለገላትያ ሰዎች በጻፋቸው መልእክቶች ላይ የቆመ፣ ከ1517 ጀምሮ ማርቲን ሉተር አውሮፓን ያናወጠበት ትምህርት ነው፦ ሰው በሥራው ብዛት፣ በዘሩ ወይም በገንዘቡ አይድንም። መዳን የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ ሰው በክርስቶስ አምኖ ይቀበለዋል። መልካም ሥራ ከዚያ በኋላ ይመጣል፣ እንደ ዛፍ ፍሬ፤ የሚያፈራውም መንፈስ ቅዱስ ነው። ለእኛ ይህ ሐሳብ ሊሆን ይችላል። ለሂካ ግን በቀደም ዕለት በገዛ ሥጋው የደረሰበት ነገር ነው። መዋጀት የሚለው ቃል እኮ በቁሙ ዋጋ ከፍሎ ማስለቀቅ ማለት ነው።

መጋቢት 31 ቀን 1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቀ። ስሙም ኦኔሲሞስ ሆነ። ስሙ እንዲሁ የተጣለ አይደለም፤ ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው አጭር መልእክት ውስጥ ጌታው ከባሪያነት ይልቅ እንደ ወንድም እንዲቀበለው የተማለደለት ባሪያ ነው ኦኔሲሞስ።

ከዚያ ስዊድን ተልኮ በዮሐንስሉንድ የሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት 5 ዓመት ተማረ። ተመልሶ ምሕረት ኃይሉን አገባ። ከዚህ በኋላ እንግዲህ ትልቅ ሰው ናቸውና አንቱ እንላቸዋለን።

አንዳንድ ሰው መዳን በነፃ ከሆነ ታዲያ ምን አለፋኝ፣ ቁጭ ብዬ እኖራለሁ ይላል። ጥያቄው የድሮ ነው፤ ጳውሎስም ገጥሞታል። ኦኔሲሞስ ግን ቁጭ ብለው አልኖሩም። ምፅዋ ወይም ስዊድን ቀርተው ተመችቷቸው መኖር ሲችሉ የተሸጡበትን አገር ፍለጋ ወጡ። ለምን ቢሉ ሕዝባቸው የሰሙትን ወንጌል በገዛ ቋንቋው እንዲሰማ።

መንገዱ ግን እምቢ አለ። መጀመሪያ በሱዳን በኩል ሞከሩ። ድንበሩ አጠገብ ፋማካ ድረስ ሄደው ተመለሱ፣ የጉዞው መሪ አሬኒየስ ሞተ፣ እሳቸውም በ1882 ካርቱም ላይ በወባ ይሁን በሌላ ንዳድ ወደቁ። አገግመው ምፅዋ አጠገብ ወደምትገኘው እምኩሉ ተመለሱ። ደግመው ሞከሩ፤ በዚህኛው እንጦጦ ደረሱ። ምኒልክ በክብር ተቀበሏቸው፣ ግን የበላያቸው አፄ ዮሐንስ ሚሲዮኖችን ከልክለው ስለነበር ማለፍ አልተቻለም። በ1886 እንደገና እምኩሉ።

ወደ ወለጋ መግባት ሲከለከሉ መጽሐፉን ማዘጋጀት ያዙ። መዝሙር፣ የሉተር ትንሹ ካቴኪዝም፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ወደ አፋን ኦሮሞ ተመለሱ። ከሁሉ የሚገርመን ግን የሰው ልብ የምትለዋ ትንሽ መጽሐፍ ናት። ጎስነር የተባለ ጀርመናዊ ሰባኪ ያሰራጫት ባለ ሥዕል መጽሐፍ ናት፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይገባዋል። ልብ ተስሎ ውስጡ አውሬዎች ይታያሉ፤ ጣዎሱ ትዕቢት ነው፣ እባቡም አሳማውም የየራሳቸው ትርጉም አላቸው። መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ሲመጣ አውሬዎቹ ይወጣሉ። ሰውዬው ከተዘናጋ ግን ተመልሰው ይገባሉ። በመንፈስ መኖር የአንድ ቀን ጉዳይ አለመሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የቀለለ መንገድ አናውቅም።

ትልቁ ሥራ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። እዚህ ላይ ችግር መጣ፦ ኦኔሲሞስ በልጅነታቸው ከአገር ስለወጡ አፋቸው የሚፈልገውን ያህል አልበሰለም። ያዳነቻቸው አስቴር ጋኖ ናት። እሷም እንደ እሳቸው ተሽጣ፣ በ1886 ጣልያኖች ከባሪያ መርከብ ላይ አውርደው ነፃ ያወጧት ወጣት ነበረች። የቋንቋዋ ሀብት ገደብ የለውም። ቃላት ሰበሰበች፤ ተረቱን፣ እንቆቅልሹን፣ ዘፈኑን ከአእምሮዋ እያወጣች ጻፈች፤ ከዚህም በ1894 የንባብ መማሪያ መጽሐፍ ወጣ። መጽሐፍ ቅዱሱ ዛሬም በአብዛኛው የሚጠራው በኦኔሲሞስ ስም ብቻ ነው። በእኛ ሚዛን ይህ ለአስቴር አልተከፈላትም።

አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በግዕዝ ፊደል ስዊዘርላንድ ውስጥ ቅዱስ ክሪሾና ታትሞ ወጣ፤ በሙንዚንገር አገር መሆኑ ነው። ባሪያነት፣ ዋጋ፣ ቤዛ፣ ነፃነት የሚሉትን ቃላት ወደ አፋን ኦሮሞ የመለሱት ራሳቸው ዋጋ ወጥቶላቸው የነበሩ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው። ሂካ የሚለው የልጅነት ስም መነሻው በአፋን ኦሮሞ መፍታት፣ መተርጎም ነው፤ እናቱ ይህን ሁሉ ቀድማ ያየች ይመስላል!

በ1904 በመጨረሻ ወለጋ ገቡ። ከተሰረቁ 35 ዓመት ሆኗቸዋል። ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (የቀድሞው ኩምሳ ሞረዳ) በክብር ተቀበሏቸው። ቦጂ ላይ በአፋን ኦሮሞ ሰበኩ፣ ከዚያ ነቀምት ትምህርት ቤት ከፈቱ።

ጉዳዩ ግን ጸጥ አላለም። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እምነትና ምግባር አይነጣጠሉም ብላ ታስተምራለች፣ ለድንግል ማርያምና ለቅዱሳን ያላት ክብርም ትልቅ ነው። የአካባቢው ካህናት የኦኔሲሞስን ስብከት ቋንቋውን ስለማያውቁት አይሰሙትም፤ ጥርጣሬው ባሰ፣ ማርያምን ተሳድበዋል ተብለው ተከሰሱ። በ1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርበው እንዲሰደዱ ተፈረደባቸው። አፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሻሉት፦ ነቀምት ይመለሱ፣ ግን አይስበኩ።

ሰባኪ አትስበክ ሲባል ምን ያደርጋል? ኦኔሲሞስ ፊደል አስቆጠሩ። 10 ዓመት ሙሉ፣ የስደት ፍርሃት በራሳቸው ላይ እያንዣበበ፣ ልጆች ማንበብ እንዲችሉ አስተማሩ። ማንበብ የቻለ ልጅ ደግሞ መጽሐፉን ራሱ ያነበዋል። በ1916 ልጅ ኢያሱ በነፃነት እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው። ኢያሱ ብዙም ሳይቆዩ ከሥልጣን ወረዱ፣ ፈቃዱ ግን አልተሻረም።

ኦኔሲሞስ ነሲብ ሰኔ 21 ቀን 1931፣ በእኛ ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ ነቀምት ላይ አረፉ። ቀኑ እሑድ ነበር።