የቢጫ ወባን ዱካ የተከተሉት ማክስ ቴይለር

ከ1953 እስከ 1955 ዓ.ም (እ.ኤ.አ ከ1960 እስከ 1962) በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተከሰተው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ በአፍሪካ ምድር ከተመዘገቡት ሁሉ እጅግ የከፋው እንደሆነ ይታወቃል። በኦሞ ወንዝ ሸለቆና በዙሪያው ከነበረው ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ 100 ሺህ ያህሉ በበሽታው እንደተያዘ፣ ከእነዚህም 30 ሺህ ያህሉ እንደሞቱ ይገመታል። ሚዛን ተፈሪን ጨምሮ የዛሬው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሰፊ ክፍል በዚያን ጊዜ ይተዳደር የነበረው በከፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ሲሆን፣ ክፉኛ ከተጠቁት ግዛቶች አንዱም ይኸው ከፋ ነበር።

ይህ ሁሉ ሕዝብ ያለቀው መድኅን በሌለው በሽታ አልነበረም። የቢጫ ወባ ክትባት ወረርሽኙ ከመነሳቱ 23 ዓመት ቀደም ብሎ ተገኝቷል፤ ክትባቱን ያገኙት ሳይንቲስትም የዓለምን ታላቅ ሽልማት ከተቀበሉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። እኚህ ሰው ማክስ ቴይለር ይባላሉ።

ማክስ ቴይለር እ.ኤ.አ ጥር 30 ቀን 1899 በደቡብ አፍሪካ፣ ፕሪቶሪያ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አርኖልድ ቴይለር ከስዊዘርላንድ የሄዱ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። የአባትየው ስም ከፍ ያለበት ምክንያት ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። በ1880ዎቹ መጨረሻ በምፅዋ በኩል ገብቶ የኢትዮጵያን ከብት የፈጀውና ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወሰውን ረሃብ ያስከተለው የከብት ደስታ በሽታ፣ አህጉሪቱን አቋርጦ እ.ኤ.አ በ1896 ደቡብ አፍሪካ ሲደርስ ሊገቱት ከተነሱት ሰዎች መካከል አርኖልድ ቴይለር ይገኙበታል። ልጅየው ስለዚህ ድንበር የማይገታውን ወረርሽኝ የመመርመር ሥራ ከቤት ያገኙት ነው ማለት ይቻላል።

ወጣቱ ቴይለር በደቡብ አፍሪካ ከተማሩ በኋላ ወደ ለንደን ተጉዘው በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታልና በሐሩር ክልል ሕክምና ትምህርት ቤት ትምህርታቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ በ1922 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመሩ። የሚያስገርመው፣ የሕክምና ዶክትሬት ዲግሪ ሳይኖራቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ መሥራታቸው ነው።

በዚያን ዘመን ስለ ቢጫ ወባ የሚታወቀው ከሚነገረው ያነሰ ነበር። በሽታው በባክቴሪያ እንደሚመጣ በስፋት ይታመን ስለነበር፣ ቴይለርና ባልደረባቸው ይህ እምነት ስህተት መሆኑን በምርምር አሳዩ። እ.ኤ.አ በ1927 በምዕራብ አፍሪካ የተሰማሩ ተመራማሪዎች ቫይረሱን ከአንድ የወርቅ ጠረፍ፣ ማለትም የዛሬዋ ጋና፣ በሽተኛ ደም ለይተው ወደ ዝንጀሮዎች አሸጋገሩት። ምርምሩ ዋጋ አስከፍሏል። አድሪያን ስቶክስ በዚያው ዓመት፣ ሂዴዮ ኖጉቺም በተከታዩ ዓመት በዚያው በሽታ ሞቱ። ቴይለር ራሳቸውም እ.ኤ.አ በ1929 በቤተ ሙከራ ታመው ድነዋል።

እስከዚያን ጊዜ ምርምሩ ይካሄድ የነበረው ከእስያ በሚመጡ ዝንጀሮዎች ነበር፤ እነዚህም ውድ ነበሩ፣ እንደልብም አይገኙም። ቴይለር ቫይረሱ ወደ አንጎላቸው ሲገባ ተራ ነጭ አይጦችም እንደሚታመሙ እ.ኤ.አ በ1930 ይፋ አደረጉ። ግኝቱ ለተራ ተመልካች ትንሽ ነገር ቢመስልም የሥራውን መንገድ የለወጠው እርሱ ነው። የአንድ ሰው የደም ውኃ ከቫይረሱ ጋር ተቀላቅሎ ለአይጥ ሲሰጥ አይጧ ከተረፈች፣ ሰውየው ከዚህ ቀደም በበሽታው ተይዞ መከላከያ አዳብሯል ማለት ነው። መከላከያው በሽማግሌዎች ደም ብቻ ከተገኘ በሽታው ድሮ አልፏል፤ በሕፃናት ደም ከተገኘ ግን በቅርብ ነበረ ማለት ነው። በዚህ ዘዴ በሽታው ማንም ሪፖርት ባላደረገበት አገር ሳይቀር ዱካው ይነበብ ጀመር።

በ1930ዎቹ በአፍሪካ የተሰበሰቡ ናሙናዎች ቢጫ ወባ የምዕራቡ ጠረፍ በሽታ ብቻ አለመሆኑን፣ እስከ ሱዳንና እስከ ምሥራቅ አፍሪካ መዝለቁን አመለከቱ። ምልክቱ እውነት መሆኑ የታየው እ.ኤ.አ በ1940 ነው፤ በሱዳን የኑባ ተራሮች በተነሳ ወረርሽኝ ከ15 ሺህ በላይ ሰዎች ታመው ከ1 ሺህ 500 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። ከኑባ ተራሮች ምሥራቅ ያለው የኢትዮጵያ ምዕራባዊ ቆላ ነው።

ቴይለር እ.ኤ.አ በ1930 ወደ ሮክፌለር ፋውንዴሽን ተዛውረው በኒውዮርክ ክትባት ፍለጋ ጀመሩ። ከጋናው በሽተኛ የተገኘውን ቫይረስ በመጀመሪያ በአይጥ ሽል፣ ቀጥሎም አንጎሉና ኅብለ ሰረሰሩ በወጣለት የጫጩት ሽል ሕብረ ሕዋስ ላይ ደጋግመው አራቡት። በ89ኛውና በ114ኛው ዙር መካከል በሆነ ጊዜ ቫይረሱ የመግደል ኃይሉን አጣ፤ መከላከያ የማስገኘት ኃይሉ ግን አልጠፋም። 17ዲ የሚል ስያሜ የተሰጠው ይህ ክትባት እ.ኤ.አ በ1937 ይፋ ሆኖ በብራዚል በስፋት ተሰጠ። እ.ኤ.አ በ1942 ለአሜሪካ ወታደሮች በተሰጠው ክትባት ውስጥ በተጨመረው የሰው ደም ውኃ ሳቢያ በርካታ ሺህ ወታደሮች በጉበት በሽታ ተያዙ፤ ከዚያ በኋላ ክትባቱ ያለ ደም ውኃ እንዲዘጋጅ ተደረገ። ፋውንዴሽኑ እ.ኤ.አ ከ1940 እስከ 1947 ከ28 ሚሊዮን ዶዝ በላይ አምርቷል። ቴይለር እ.ኤ.አ በ1951 የኖቤል የሕክምና ሽልማት ሲሸለሙ፣ በአፍሪካ ከተወለዱ ሰዎች ሽልማቱን በመቀበል የመጀመሪያው ሆኑ።

እንግዲህ የኦሞው ወረርሽኝ የደረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በሽታው ሲጀምር ትኩሳቱ ከወባ ትኩሳት አይለይም፤ በአማርኛ ቢጫ ወባ መባሉም ዝምድና የሌላቸውን ሁለት በሽታዎች ያመሳስላል። የዓይን ቢጫ መሆንና የደም ትውከት ሲታይ ግን ጊዜው አልፏል። መንገድ ባልነበረበት አገር ዜናው ከሞት በኋላ ይደርስ ነበር፤ ቀድሞ ያልተከተበ፣ በበሽታውም ያላለፈ ሕዝብ ደግሞ ምንም መከላከያ አልነበረውም። የክትባት ዘመቻ የተካሄደው ሕዝቡ ማለቅ ከጀመረ በኋላ ነው።

በአዲስ አበባ ይሠራ የነበረው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች፣ ከእነርሱም ሴሪዬና አንድራል፣ ባካሄዱት ጥናት በሽታውን ከሰው ወደ ሰው ካስተላለፉት ትንኞች ዋነኛዋ ኤዴስ ሲምፕሶኒ የምትባለው እንደሆነች ተረጋግጧል። ይህች ትንኝ የምትራባው ረግረግ ፈልጋ አይደለም፤ በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል ብብት ውስጥ የሚጠራቀመው የዝናብ ውኃ ይበቃታል። ከከፋ እስከ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ የገበሬው ጓሮ እንሰት፣ ጎደሬና ቡና ነው፤ ከጓሮው ጀርባ ደግሞ ጉሬዛና ጦጣ የሚኖርበት ደን ይጀምራል። ባለሙያዎቹ የዱር እንስሳትን ደም ጭምር መርምረዋል፤ ቫይረሱ ያለ ሰው በጫካ ስለሚኖር ከሰው መንደር ቢጠፋም ከአገር አይጠፋም።

ማክስ ቴይለር እ.ኤ.አ ከ1964 እስከ 1967 በየል ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰርነት አስተምረው፣ እ.ኤ.አ ነሐሴ 11 ቀን 1972 በኒውሄቨን በ73 ዓመታቸው አረፉ። በሽታው ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል፤ እ.ኤ.አ በ2013 በደቡብ ኦሞ፣ በ2018 በወላይታ፣ በ2020 ደግሞ በጉራጌ ዞን ተከስቷል። በሦስቱም ጊዜ ሕዝቡ የተከተበው ከ17ዲ በወረደ ክትባት ነው።