አፄ ካሌብ፦ የአክሱም ገበያ ሲሞላና ሲጎድል

ለዘንድሮው መጽሔታችን ያዘጋጀነው የአፄ ካሌብን የሕይወት ታሪክ ነው። ስማቸውን ያልሰማ የለም፤ ግንቦት 20 ቀን በቤተ ክርስቲያን ይታሰባሉ። ነገር ግን አብዛኞቻችን የምናውቃቸው በጻድቅነታቸው ብቻ ሲሆን፣ የትልቅ የንግድ መንግሥት ጌታ እንደነበሩ እምብዛም አናስብም። ዱከም ደግሞ የመንገድ ልጅ ናት። የድሮው የጅቡቲ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ በእኛ በኩል አልፎ ነው የገባው። ወደ ወደብ የሚወርደውና ከወደብ የሚወጣው ዕቃ ስንቱን ቤተሰብ እንዳሳደገ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2014 የአዳማው የፍጥነት መንገድ ሲከፈትም፣ መኪናው ከተማውን ሳይነካ በጎን ሲያልፍ ምን ማለት እንደሆነ አይተናል። እንግዲህ በመንገድ ዳር ለሚኖር ሰው የአክሱም ነገር ባዕድ አይሆንበትም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልን።

አክሱም ከአፄ ካሌብ በፊት ብዙ መቶ ዓመት የቆየች ከተማ ናት። ወደቧ አዱሊስ ይባል ነበር፤ ቦታው ዛሬ በኤርትራ፣ ከምጽዋ በስተ ደቡብ ዙላ አጠገብ ነው። ከአዱሊስ ተነሥቶ ዳገቱን ወጥቶ አክሱም ለመድረስ ስምንት ቀን ያህል ይፈጅ ነበር። ከእኛ የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና ወርቅ ይወርዳል፤ ከባሕር ማዶ ጨርቅ፣ ብርጭቆ፣ የወይን ጠጅ፣ ዘይትና ብረት ይወጣል። በሦስተኛው መቶ ዓመት የኖረው ማኒ የሚባለው የፋርስ ሰው የዓለምን አራት ታላላቅ መንግሥታት ሲቆጥር፣ ከሮምና ከፋርስ ጋር አክሱምን አስገብቷታል። በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ንጉሥ እንዱቢስ የወርቅ ገንዘብ አሳተሙ። በስሙ የወርቅ ገንዘብ ማሳተም የቻለ መንግሥት ያን ጊዜ በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ነበር።

አፄ ካሌብ የንጉሥ ታዜና ልጅ ናቸው። የንግሥና ስማቸው እለ አጽብሓ ይባላል። የነገሡት በስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሲሆን፣ የተረከቡት የሞላ ቤት ነበር። በእርሳቸው ዘመን፣ በ525 ገደማ፣ ቆዝሞስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ መጥቶ ያየውን ጽፎ አስቀምጦልናል። እንደ እሱ አጻጻፍ የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዢ አማካይነት ወርቅ ገዢዎች ወደ ሳሱ አገር ይልኩ ነበር። ከእነርሱ ጋር የሚጓዘው ሲራራ ነጋዴ ከ500 በላይ ነው። የሚይዙት ከብት፣ አሞሌ ጨውና ብረት ነው። እዚያ ሲደርሱ በእሾህ አጥር አጥረው ይሰፍራሉ፤ ከብቱን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በእሾሁ ላይ ያኖራሉ። ያገሩ ሰው መጥቶ በወደደው ዕቃ ላይ ወርቅ አስቀምጦ ራቅ ይላል። ነጋዴው ከበቃው ወርቁን ያነሣል፤ ካልበቃው ይተወዋል፤ ባለወርቁም ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። ቋንቋ ሳይተዋወቁ፣ አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ይገበያዩ ነበር። መንገዱ ደርሶ መልስ ስድስት ወር ይፈጃል። የአክሱም ሀብት መነሻው እንዲህ ያለው መተማመን ነበር።

በዚያን ጊዜ ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በዛሬው የመን፣ ሂምያር የሚባል መንግሥት ነበር። በ522 ገደማ ዩሱፍ የተባለ፣ ዙ ኑዋስ እየተባለም የሚጠራ፣ በእኛ መጻሕፍት ግን ፊንሐስ የሚባለው የአይሁድ ሃይማኖት ተከታይ ሥልጣን ያዘ። በከተማው የነበሩትን የአክሱም ወታደሮች ፈጀ፤ በ523 ደግሞ በናግራን ክርስቲያኖችን አስጨፈጨፈ። ከሞቱት መካከል ቤተ ክርስቲያናችን የምታስባቸው ሽማግሌው ኂሩት ይገኙበታል። ወሬው በደረሰ ጊዜ የቁስጥንጥንያው ንጉሥ ዩስጢኖስ በእስክንድርያው ፓትርያርክ በጢሞቴዎስ በኩል አፄ ካሌብ እንዲዘምቱ ለመነ። ዘመቻው ለሃይማኖት ብቻ ነበር ብንል ግማሹን መተው ይሆናል። የሕንድ ዕቃ የሚያልፍበት የባሕር በር ከሂምያር አጠገብ ነበርና፣ የእምነቱም የገበያውም ጉዳይ አንድ ላይ ተያይዞ የመጣ ነው ብንል ይሻላል።

አፄ ካሌብ በ525 መርከብ ሰበሰቡ። ከአይላ 15፣ ከቀልዝም 20፣ ከዮታቤ 7፣ ከበረኒቄ 2፣ ከፋርሳን 7፣ ከሕንድ 9፣ በድምሩ 60 መርከብ መጣ። ራሳቸው ደግሞ 10 አሠርተው 70 ሞላ። ከዚህ ቁጥር የምንረዳው አንድ ነገር አለ፤ ከ70 መርከብ ውስጥ አብዛኛው የነጋዴና የባዕድ ነበር። የአክሱም ኃይል በገበያው ላይ የቆመ እንጂ የራሷ ብዙ መርከብ ያላት አልነበረም። ከመነሣታቸው በፊት ከአክሱም ከተማ አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ የሚኖሩትን አባ ጰንጠሌዎንን ተሰናብተው ቡራኬ እንደተቀበሉ በገድል ይነገራል። ባሕሩን ተሻግረው ድል አደረጉ፤ ዙ ኑዋስም ሞተ። ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ሱምያፋ የተባለውን የዚያውን አገር ክርስቲያን ሾመው፣ የሚጠብቅ ወታደር አስቀምጠው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በየመን ከተቀበረ ከተገኘው የአክሱም ወርቅ ገንዘብ ውስጥ የአፄ ካሌብ ስም ያለበትም አለ።

ችግሩ የጀመረው ከድሉ በኋላ ነው። እዚያ የቀረው ወታደር አገሩ ለም ሆኖ አገኘውና መመለስ አልፈለገም። በ530ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ ሱምያፋን አስረው አብርሃ የሚባለውን አነገሡ። ይህ አብርሃ የአብርሃ ወአጽብሓው አይደለም፤ በአዱሊስ ይነግድ የነበረ የአንድ ሮማዊ ባሪያ ነበር ይባላል። ሙስሊም ወንድሞቻችን ከዝሆን ሱራ ትርጓሜ ጋር አያይዘው የሚያነሡትም እሱኑ ነው። አፄ ካሌብ በአንድ ዘመዳቸው አዛዥነት 3,000 ወታደር ላኩ። የተላከው ጦር አዛዡን ገድሎ ወደ አብርሃ ገባ። ሁለተኛ ጦር ቢልኩ ተሸንፎ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሦስተኛ አልላኩም።

እኛ ይህን ስናነብ እዚህ ላይ ቆመን ማሰብ ይገባናል እንላለን። የንጉሥ ክብር ተነክቷል፤ ዘመድ ተገድሏል፤ ሁለት ጦር ጠፍቷል። ብዙ ገዢ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሰው ልጅ ደም እንደ ውኃ እያፈሰሰ እልሁን ይወጣል። እርሳቸው ግን የማይመለስ ዕዳ መሆኑን አይተው መዝገቡን ዘጉት። የሚያዝን እናት ቁጥሯ በዚያው ልክ ቀነሰ። ቀባሪ ማኅበር ለሆንን ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በዚያው ሰሞን፣ በ531 ገደማ፣ ንጉሥ ዩስቲንያኖስ ዩልያኖስ የተባለ መልእክተኛ ላከ። መልእክተኛው አፄ ካሌብን አራት ዝሆኖች በሚስቡት፣ በወርቅ ባጌጠ ሠረገላ ላይ ቆመው አያቸው። የመጣበትም ጉዳይ ንግድ ነበር፤ ሮማውያን ሐር ከጠላታቸው ከፋርስ መግዛቱን ትተው፣ አክሱሞች ከሕንድ ገዝተው እንዲያቀርቡላቸው ነው። አፄ ካሌብ እሺ አሉ። ነገር ግን ሊሆን አልቻለም። የፋርስ ነጋዴዎች ለሕንድ ቅርብ ናቸውና መርከቡ ገና ወደብ ሲደርስ ጭነቱን ጠቅልለው ይገዙት ነበር። የአክሱም ነጋዴ ሲደርስ ገበያው ተፈትቷል። ሠረገላው በወርቅ ቢያብረቀርቅም መንገዱ በሌላ ሰው እጅ መግባት ጀምሯል ማለት ነው።

በመጨረሻው ዘመናቸው አፄ ካሌብ መንግሥታቸውን ለልጃቸው ለገብረ መስቀል ተዉ። ዘውዳቸውን በጌታችን መቃብር ላይ እንዲሰቀል ወደ ኢየሩሳሌም ልከው፣ ራሳቸው በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መንኩሰው እንደ ማንኛውም መነኩሴ ኖረው እንዳረፉ በአገራችን ሲነገር የኖረ ነው። ገብረ መስቀል ቅዱስ ያሬድ የነበረበት ዘመን ንጉሥ ናቸው። አብርሃም አፄ ካሌብ ካረፉ በኋላ ለተተኪያቸው ግብር ለመክፈል ተስማማ፤ በጦር ያልተገኘው በእርቅ ተገኘ።

ይሁንና የአክሱም ገበያ እንደ ድሮው አልሞላም። በ570ዎቹ ዓመታት ፋርሶች የመንን ያዙ። በወርቅ ገንዘቡ ውስጥ ያለው ወርቅ ከጊዜ ወደ ጊዜ እያነሰ ሄደ፤ በሰባተኛው መቶ ዓመት ገንዘብ ማሳተሙም ቀረ። በ615 የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በስደት መጥተው የአክሱም ንጉሥ ተቀብሎ አስጠለላቸው፤ ስሟ ገና ይከበር ነበር። ነገር ግን ቀይ ባሕር በሌላ መንግሥት እጅ ገባ፤ አዱሊስም ጠፋ። በአክሱም ዙሪያ ያለው ደን በመቆረጡ መሬቱ ተጎድቶ እንደነበረም አጥኚዎች ያስረዳሉ። ንግሥናውም ውሎ አድሮ ወደ መሐል አገር ሸሸ። አክሱም በአንድ ጦርነት አልወደቀችም፤ ዕቃው በሌላ በኩል ማለፍ ሲጀምር ቀስ በቀስ ጎደለች።

ዛሬ አክሱም የሚሄድ ሰው ከከተማው ወጣ ብሎ የአፄ ካሌብና የገብረ መስቀል መቃብር ተብሎ የሚታወቀውን የድንጋይ ሥራ ያያል። ድንጋዩ ተጠርቦ ስለት በማያስገባ ሁኔታ ተጋጥሟል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ወርቁም፣ ሐሩም፣ ዝሆኑም የለም። የቀረው፣ ሰው እስከ ዛሬ በየዓመቱ ስማቸውን የሚያነሣበት ምክንያት፣ በእጃቸው የነበረውን በጊዜው ለተተኪ ማስረከባቸው ነው።

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ መንገድ የሰጠውን መንገድ ሊወስድ ይችላልና በደጉ ጊዜ ለልጅ የሚተርፍ ነገር እንያዝ። የእድር ዳኝነትም ሆነ ገንዘብ ያዥነት የያዝን፣ ሒሳቡን አጥርተን ለወጣቶቹ ማስረከብን እንልመድ። በዚህ ዓመት ለተለዩን አባሎች ነፍስ ይማር፤ ለቀረነው ጤናና ፍቅር ይስጠን።