አባ ተስፋ ጽዮንና የላቲን ግሥ

ዓይደር ግቢ ለምንገኝ የጤና ተማሪዎች ላቲን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ ነገር ግን የምናውቀው የአጥንትና የጡንቻ ስሙን ብቻ ነው፤ ግሡን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሆኖም በመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ራስ ላይ የምትጻፈው ምልክት ሬኪፔ ከሚለው ግሥ የመጣች ናት፤ ትርጓሜዋም ውሰድ የሚል ትእዛዝ ነው። ፕላሴቦም ስም መስሎን ኖረ እንጂ ደስ አሰኛለሁ ማለት ነው፤ አድራጊውም ጊዜውም ቦ በምትለው መድረሻ ተጠቅልለዋል። በዚህ የመድረሻ ነገር ከ470 ዓመታት በላይ ቀድመውን የደከሙ አንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ አሉ።

አባ ተስፋ ጽዮን የደብረ ሊባኖስ ሰው ነበሩ። በኢማም አሕመድ ጦርነት ዘመን ገዳሙ ሲቃጠል አገሩም ሲታወክ፣ በኢየሩሳሌም በኩል አድርገው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1530ዎቹ ሮማ ገቡ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ በሚገኘው የሐበሾች ቤት፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ተቀመጡ። ሮማውያኑ ፔትሮ ብለው ጠሩዋቸው።

የግዕዝ ሰው ላቲን ሲጀምር ምን ይገጥመዋል? በኃላፊው ጊዜ ብዙም አይደነግጥም፤ አፍቀርኩ፣ አፍቀርከ፣ አፍቀርነ ሲል የኖረ ሰው አድራጊን ከቃል መጨረሻ መፈለግ ለምዷል። ጭንቁ የሚመጣው አሁን በሚደረገው ነገር ላይ ነው። ግዕዝ አፈቅር፣ ታፈቅር፣ ያፈቅር፣ ናፈቅር ብሎ አድራጊውን ከፊት ያቆማል፤ ላቲን ግን አሞ፣ አማስ፣ አማት፣ አማሙስ፣ አማቲስ፣ አማንት ብሎ ሁሉን ከኋላ ያስከትላል። ደግሞም ግዕዝ ግሡን በ10 መደብ ሲያወርድ ላቲን በ6 ይጨርሳል፤ ወንድና ሴትን በግሡ አይለይምና። (እኛስ በአማርኛ ለብዙ ሰው ወንድና ሴት መለየቱን ትተናል፤ ስለዚህ በዚህ በኩል ለሮማውያን ሳንቀርብ አንቀርም።)

ይህ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ለማሳተም ሲነሡ፣ በእጃቸው የነበረው የሐዋርያት ሥራ ጽሑፍ ጎደሎ ነበረ። የጎደለውን አብዛኛውን ክፍል እዚያው ሮማ ላይ ከላቲንና ከግሪክ ወደ ግዕዝ መለሱት። እንግዲህ አማንት የመሰለ ቃል በገጠማቸው ጊዜ ያፈቅሩ ይበሉ ወይስ ያፈቅራ? ላቲኑ ንት ብሎ ዝም ይላል፤ ግዕዙ ግን ወንዶች ናቸው ወይስ ሴቶች ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ከመድረሻዋ ሳይሆን ከታሪኩ ውስጥ መፈለግ ግድ ነው። አንዲት መድረሻ ብትሳት፣ ያደረገው ሌላ ሰው ሆኖ በታተመ መጽሐፍ ይቀራል።

መጽሐፉ በ1548 እና በ1549 ታተመ። አታሚዎቹ ግዕዝ ማንበብ አይችሉም፤ መነኮሳቱም የማተሚያ ሥራ አያውቁም፤ ስለዚህ ስሕተት ቢገኝ ይቅር እንዲባሉ በመጽሐፉ መጨረሻ አንባቢውን ለምነዋል። በዚያው በ1549 የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት ሥርዓት በሮማውያን ወዳጆች ረዳትነት ከግዕዝ ወደ ላቲን ተመልሶ ወጣ። ያን ጊዜ መንገዱ ተገለበጠ ማለት ነው።

ከአባ ተስፋ ጽዮን ግዕዝ ከተማሩት ጣልያናውያን አንዱ ማሪያኖ ቪቶሪ ነበር። በ1552 የግዕዝን ሰዋስው በላቲን ጽፎ አሳተመ፤ በአውሮፓ በማተሚያ የወጣ የመጀመሪያው የግዕዝ ሰዋስው ይኸው ነው። የውጭ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን መምህር መረጃ ሰጪ ብለው ማለፍ ይቀናቸዋል፤ እኔ ግን መምህር የሚለውን ስም የሚነፍጋቸው ምን እንደ ሆነ አይገባኝም።

አባ ተስፋ ጽዮን ገና ሳያረጁ በ1550ዎቹ መጀመሪያ በሮማ አጠገብ በምትገኘው በቲቮሊ ዐረፉ። የተቀበሩትም በዚያው በሐበሾች ቤት፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ነው።