የማስተማሪያው መኪናና ሚስ ግሬቭስ

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1953 ዓ.ም. አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በትንሿ ልጁ የሒሳብ ክፍል ከኋላ ተቀምጦ ትምህርቱን ይመለከት ነበር። ከፊሎቹ ሕፃናት ጨርሰው ሥራ ፈትተዋል፤ ከፊሎቹ ገና ይታገላሉ። ወረቀቱ እስኪታረም ድረስ ግን ትክክል መሥራቱን የሚያውቅ አልነበረም። በቤተ ሙከራው ውስጥ ለእርግብ እንኳ ዋጋዋን የማያዘገየው ሰው ነገሩ ከነከነው። ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያውን የማስተማሪያ መኪና ሠራ።

ስኪነር የተወለደው በ1904 ዓ.ም. በፔንሲልቬኒያ፣ ሰስኩዋሃና በምትባል ትንሽ የባቡር ከተማ ነው። ደራሲ ለመሆን ሞክሮ ስላልሆነለት ወደ ሥነ ልቡና ዞረ፤ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮም በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ከቻርልስ ፈርስተር ጋር በ1957 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጥሬው ከስንት ምት በኋላ እንደሚወርድ ሳይታወቅ ሲቀር እርግቧ ቁልፉን በምንቃሯ ያለ ዕረፍት እንደምትመታ አሳይቷል። ቁማርተኛን ከመጫወቻው መኪና ፊት የሚያስቀረውም ይኸው መሆኑን አልሳተም። (ዛሬ በልጆቻችን እጅ ያሉት፣ ኮከብና ነጥብ የሚያዘንቡት መማሪያዎች የተዋሱት ይህንን ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።)

የእርሱ መኪና ግን እንዲህ አልነበረም። ከእርሱ በፊት ሲድኒ ፕሬሲ የተባለ ምሁር በ1920ዎቹ ዓመታት በሠራው መፈተኛ ላይ ከረሜላ የሚጥል መሣሪያ ገጥሞበት ነበር። ስኪነር ከረሜላ አላሻውም። ጥያቄው በመስኮት ይታያል፤ ተማሪው መልሱን ይጽፋል፤ መዘውሩን ሲያንቀሳቅስ ትክክለኛው መልስ ብቅ ይላል። ዋጋው ማወቁ ብቻ ነው። መምህሩም ከእርማት ሸክም ተገላግሎ ከልጁ ጋር የሚነጋገርበት ጊዜ ያገኛል ብሎ ያምን ነበር። በቅንነት ያሰበው ይመስለኛል፤ ሆኖም ሣጥኑ አስቀድሞ ከተጻፈለት በቀር የሚናገረው አልነበረውም።

የራሱ የልጅነት ታሪክ ከዚህ የተለየ ነበር። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ፣ የሼክስፒርን ድርሰቶች የጻፈው ፍራንሲስ ቤከን ነው የሚሉ እንዳሉ ከአባቱ ሰምቶ በክፍል ውስጥ እንደ እውነት ተናገረ። መምህርቱ ሚስ ሜሪ ግሬቭስ የማታውቀውን አትናገር ብላ ገሠጸችው። መኪና ቢሆን ስሕተት ብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፍ ነበር። ልጁ ግን የሚያከብራት መምህርት ስለ ተናገረችው እልህ ያዘው፤ በዚያው ቀን ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ሄደ፤ ለክርክሩ ማስረጃ ፍለጋም ቤከንን ማንበብ ጀመረ። በ1990 ዓ.ም. እስከ ሞተ ድረስ ቤከን ከእጁ አልተለየም።