የዘጌው ነጋድራስ አፈ ወርቅ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም የሚኖር ተማሪ ልብ ወለድ በሚያነብበት ጊዜ፣ የዚህ ድርሰት ጀማሪ የዚያው የጎጃም ተወላጅ መሆኑን ቢያውቅ ደስ ይለናል።

ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1860 ዓ.ም. በጣና ዳር በዘጌ ተወለዱ። በዚያ ዘመን የጎጃም ሊቃውንት የሚመሰገኑት በግዕዝ ቅኔ ነበር፤ መጽሐፍም የሚጻፈው በብራና ነው። እርሳቸውን ግን ዳግማዊ ምኒልክ ሥዕል እንዲማሩ ወደ ኢጣሊያ ላኳቸው፤ ኋላም በናፖሊ አማርኛ አስተማሩ። በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውን፣ የጦቢያን ነገር የሚተርከውን መጽሐፍ አሳተሙ። ይኸውም በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ነው፤ ስሙም የድርሰቱ ዓይነት መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ነገር ግን በዐድዋ ጦርነት ዘመን ከኢጣሊያኖች ወገን ሆኑ፤ በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን በያዘ ጊዜም አገለገሉት፤ አፈ ቄሣርም ተባሉ። ከነጻነት በኋላ ወደ ጂማ ተግዘው በ1940 ዓ.ም. እዚያው ሞቱ።

ስለዚህ ወጣት አንባቢዎቻችን መጽሐፉን እንዲያነቡ እንመክራለን፤ የደራሲውንም በደል እንዳይረሱ እናሳስባለን። ትምህርት ከአገር ፍቅር ጋራ ካልተባበረ ባለቤቱን ከወቀሳ አያድነውምና።